በዋሴ ስም

በሰንቀጤ ሰው ሲሞት ስሙ ዋሴ ይባላል።

ጎህ ሲቀድ ጥሩንባ ነፊው ጉብታው ላይ ይወጣና ነፍቶ ነፍቶ ሲያበቃ «ዋሴ አርፏል!» ይላል። ሰው ከመኝታው ተነሥቶ ነጠላውን ያዘቀዝቅና ጎረቤቱን በአጥር በኩል «የትኛው ዋሴ?» ብሎ በዝግታ ይጠይቃል። «የወፍጮ ቤቶቹ» ይባላል፤ ወይም «ያቺ መንታ የወለደችው»። ከዚያ በላይ አይጠየቅም። ሟች ሴት ብትሆን ዋሴ ናት፤ ሕፃን ቢሆን ዋሴ ነው። ቄሱ በክርስትና ስሙ ይፈቱታል፤ እሱ የእግዜርና የቄሱ ጉዳይ ስለሆነ ማንም ገብቶበት አያውቅም። ድንኳን ውስጥ ግን፣ ደረት በሚደቃበትና ሙሾ በሚወርድበት ቦታ፣ የሚለቀሰው ለዋሴ ነው። የመቃብሩ ድንጋይም ዋሴ ይላል። ቀበሌውም ነገር እንዳይደበላለቅ ብሎ የሟቹን መታወቂያ በዋሴ ስም ይዘጋል።

በድንኳኑ ደጃፍ ቁመቱ ጉልበት የሚደርስ ጥቁር ግንድ መሳይ ነገር ቆሞ ያያል፣ ይሰማል። ታዛቢው ይሉታል። ለቅሶ ደራሽ ሲገባ ለሐዘንተኛው «እግዜር ያጥናህ» ይልና ለታዛቢውም ጎንበስ ይልለታል። እንዲህ አድርጉ ያላቸው የለም፤ ደጃፍ ላይ የቆመን ነገር ዝም ብሎ ማለፍ ለሰው ስለሚከብደው ነው።

ነገሩ የመጣው ከምዝገባው ነው። የሰንቀጤ ለቅሶ በዓለም ባህሎች ኅብረት ዘንድ በቅርስነት ሲመዘገብ አንድ ለቅሶ ተቀርጾ ተላከ። ያ ቅጂ ማመሳከሪያ ይባላል። ቅርስ እንዳይበረዝ ከማመሳከሪያው ጋር መመሳሰል አለበት፤ በማመሳከሪያው ላይ የሚለቀስለት ሰው ደግሞ ዋሴ ነበር። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ያሉት ሰዎች ገና ይህን ሳያዩ ነው።

አስካለ ይመኑ በዚህ መካከል የተቀመጠች ሰው ናት። አዲስ አበባ፣ በብሔራዊ ኮሚሽኑ ሕንፃ፣ የቢሮዋ በር ላይ «ሰንቀጤ» የሚል ተለጥፏል። ከአጠገቧ ያለው በር «የገና ጨዋታ» ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አንድ የሸክላ አሠራር ነው። ኅብረቱ ከመንደር ጋር አይነጋገርም፤ መንደርም ኅብረቱን አይቶት አያውቅም። ሁለቱም የሚያውቁት ኮሚሽኑን ብቻ ነው። ዋና ጸሐፊው አቶ ኅሩይ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር «እኛ ድልድይ ነን፤ ድልድይ ደግሞ ወዴት ነው የምትሄዱት ብሎ አይጠይቅም» ይላሉ። ከዚያም ብቻቸውን ይስቃሉ።

ታዛቢው ያየውና የሰማው ከማመሳከሪያው ጋር ይነጻጸርና ቀብር በዋለ ማግስት ከኅብረቱ ዴስክ ልዩነቶች ይወርዳሉ። ሦስተኛው ሙሾ ላይ እስትንፋስ አጥሯል፤ አንዲት ሴት በግራ እጇ ደረቷን መትታለች፤ ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች ስለ ዝናብ አውርተዋል። አስካለ መኪናዋን አስነሥታ ወደ ሰንቀጤ ትወርድና ሰዎቹን ሰብስባ በለሆሳስ ትመክራለች። አንድ ጊዜ ልጇን የቀበረች እናት ከማመሳከሪያው አስበልጣ አልቅሳለች ተብሎ ምክር ተሰጥቷታል። መካሪዋ አስካለ ነበረች። እናትየዋም «እሺ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» ብላ ተቀብላታለች።

ሰንቀጤ አያማርርም። ያልተመዘገበ መንደር ሁሉ ተጠቃሎ ቆላ ወደ ተሠሩት ፎቆች ገብቷል፤ እዚያ ያሉ ሰዎች በሊፍት እየወረዱ ፀሐይ ሊሞቁ ወረፋ ይይዛሉ ይባላል። ሰንቀጤ ግን በአባቶቹ መሬት ላይ ነው። መንገድ ገብቶለታል፣ ጤና ጣቢያው አይዘጋም፣ የውኃው ፓምፕ ይሠራል። ይህን ሁሉ ያመጣው ለቅሶው ነው። ከምዝገባው የተሰረዘ መንደር በዓመቱ ወደ ፎቆቹ እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ሲሞቱ ዋሴ መባሉን እንደ ግብር ቆጥረውት ኖሩ።

የአስካለ እናት እንጉዳይ በዚህ መንደር የተከበረች ሴት ናት። በማመሳከሪያው ላይ ያለው ድምፅ የእሷ ነው። በጊዜዋ ድንጋይ የምታስለቅስ ሙሾ አውራጅ ነበረች፤ ልጃገረዶቹ ዛሬም ድምፅዋን ጆሯቸው ውስጥ ሰክተው የት ላይ እንደምትሰብረው፣ የት ላይ ሳግ እንደሚይዛት ይለማመዳሉ።

በሬውን ማን ይንዳው፣ ማን ይኮትኩት ጓሮ፤
ዋሴ ሄደ አሉኝ፣ ቀንበሩን ሰባብሮ።

በመስከረም መጨረሻ እንጉዳይ ለልጇ ደወለችና «ነይ» አለቻት።

«ምነው እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ነይ አልኩሽ እኮ። ሳልሞት ነይ።»

አስካለ ስትደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። እናቷ መደቡ ላይ ተኝታለች፤ ሰውነቷ ከብርድ ልብሱ በታች ያለም አይመስል። ጎረቤቷ ይታክቱ እግሯን ታሻታለች። የይታክቱ ልጅ አንዳርጌ ውኃ አምጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። አንዳርጌ የመንደሩን ፓምፕ የሚጠብቅ ጎረምሳ ነው፤ ሲስቅ ከወንዝ ወዲያ ይሰማል፤ እናቱ ሌላ ልጅ የላትም። አስካለን ሲያያት እንደ ወትሮው «ኮሚሽን መጣች፣ ቀጥ በሉ!» አለና እናቱ በዓይኗ ገሠጸችው። ሁለቱ ሲወጡ እንጉዳይ የልጇን እጅ ያዘች።

«ስሞት በስሜ አልቅሱልኝ።»

አስካለ ትራሱን አስተካከለችላት። «አሁን ስለ ሞት ምን አስነሣሽ?»

«አታባብዪኝ። እንጉዳይ ብላችሁ አልቅሱልኝ። ዋሴ እንዳትሉኝ።»

«እማዬ፣ እንደማይሆን ታውቂያለሽ። ደግሞስ ዋሴን ለዓለም ያስተዋወቀው የማን አፍ ሆነና?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ» አለች እንጉዳይ። «ዋሴ የሚባል ሰው ሰንቀጤ አፈር ላይ ቆሞ አያውቅም።»

ከዚያ እያረፈች፣ እያረፈች ነገረቻት። የያኔዎቹ የኮሚሽን ሰዎች ካሜራቸውን ይዘው የመጡት በክረምት ነበር። ለቅሶ ፈለጉ፤ የሞተ ግን አልነበረም። ጠበቁ። አልጋ የያዙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሰዎቹ ጧት ጧት ብርቱካን ይዘው «ዛሬስ እንዴት ነዎት?» ይሏቸዋል፣ ሽማግሌው ብርቱካኑን እየበሉ ዳኑ። ቅጂውን የማስገቢያው ጊዜ ደረሰ። «እንዲያው ለናሙና አልቅሱልን» ተባለ። ማን ያለቅሳል? በቁሙ ላለ ሰው ስሙን ጠርቶ ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው፤ የትኛዋ እናት የልጇን፣ የትኛዋ ሚስት የባሏን ስም ታውሳለች? አርፎ የተኛውን ሟች መልሶ መጥራት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። እንጉዳይ ያኔ አስካለን የምታጠባ ልጅ እግር ነበረች። ባዶ ቃሬዛ ላይ ጋቢ ዘርግተው «በይ» አሏት። አፏ ላይ አንድ ስም መጣላት።

«ከየት አመጣሽው?» አለች አስካለ።

«እኔ እንጃ። ሰው የሌለበት ስም ይሁን፣ ማንንም አይጉዳ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ነው የኖርነው?» አስካለ ልትስቅ ፈለገች። «እማዬ፣ ሕመሙ ነው ያስረሳሽ። ዋሴን እኮ እኔ ራሴ አውቀዋለሁ። ረጅም ነው፤ አንድ እግሩን ይስባል። ቤቱ ወንዝ ማዶ ነበር። ኮክ ይሰጠኝ ነበር።»

እንጉዳይ ቀና ብላ አየቻት። ፈርታ ነበር፤ አስካለ እናቷ ስትፈራ አይታ አታውቅም።

«ወንዝ ማዶ ቤት ኖሮ አያውቅም» አለች እንጉዳይ። «አንድ እግሩን የሚስበው አባትሽ ነው። ኮኩንም የሚሰጥሽ እሱ ነበር።»

አስካለ የአባቷን ፊት ፈለገች። ያገኘችው ዋሴን ነው፤ በኮክ ዛፍ ሥር ቆሞ፣ ክብደቱን በደህናው እግሩ ላይ ጥሎ። ይመኑ የሚለው ስም የቀራት ከስሟ ኋላ ስለተንጠለጠለ ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

«እህት ነበረችሽ» አለች እናቷ። «ሁለት ጥርስ አውጥታ ነበር። ስሟ ማን ነበር?»

«እማዬ...»

«ስሟን ንገሪኝ!»

«አንቺ ንገሪኝ እንጂ። እኔ ልጅ ነበርኩ።»

«ጠፋኝ» አለች እንጉዳይ፤ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። «እኔ አምጬ የወለድኳትን። ዋሴ፣ ዋሴ እያልኩ ቀበርኳትና ቤቴ ስመለስ ስሟ የለም። ከድስቱ ሥር ብፈልግ የለም፣ ከአንቀልባዋ ውስጥ ብፈልግ የለም። የሌለ ሰው ነው የሚበላን፣ ልጄ። እኔን አታስበዪኝ።»

አስካለ የእናቷን እጅ ግንባሯ ላይ አድርጋ «እሺ፣ በስምሽ» አለች። ስታለቅስ ድምፅዋ እንዳይወጣ ከንፈሯን ነከሰች።

እንጉዳይ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች። ባረፈችበት ማለዳ አስካለ ጥሩንባ ነፊውን «አንዴ ቆይልኝ» አለችውና አቶ ኅሩይ ጋ ደወለች። የራሷ ሲያርርባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እንደ እሷ ላለው ነው፤ የሰውን ለቅሶ ስታርም የኖረች ሴት የራሷን ምን እንደምታደርገው አላወቀችም። አቶ ኅሩይ አጽናኗት፤ ከዚያ የምትለውን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«አስካለ፣ ይህን የጠየቀሽ ሌላ ሰው ቢሆን ምን ትዪው ነበር?»

«አይቻልም እለው ነበር።»

«ጎሽ። እንግዲህ አንድ መንገድ አለ። እናትሽ የማመሳከሪያው ባለቤት ናት፤ ባለቤት ሲሞት ማመሳከሪያ ማደስ ተፈቅዷል። ዴስኩን ራስሽ አናግሪ። ደግሞ እስከ መጨረሻው አዳምጪ፤ አደራ።»

የዴስኩ አማርኛ የየትም አገር አይደለም፤ ጎጃምም ወሎም ሸዋም አይሰማበትም። «ወይዘሮ አስካለ፣ በእናትዎ ኅልፈት ሐዘናችን ጥልቅ ነው» አለ። «እድሳት ከጠየቁ የዛሬው ለቅሶ ማመሳከሪያ ይሆናል። ማመሳከሪያ አንድ ብቻ ነው።»

«ከዛሬ በኋላ ለሚሞቱትስ?»

«እንደ ዛሬው ይለቀሳል። በዛሬው ስም።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም።»

«እያንዳንዱ በየራሱ ስም ቢለቀስለትስ? ድሮ እንዲያ ነበር እኮ።»

«እሱ ሌላ ቅርስ ነው» አለ ዴስኩ በትሕትና። «አልተመዘገበም። የማኅበረሰቡን ፈቃድ ያሰሙን።»

እዚህ ላይ ማሰብ ነበረባት፤ አሰበችም። የሚቀጥለው ሟች ማንም ሊሆን እንደሚችል አሰበች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። እናቷ አገጯን በነጠላ ታሥራ ተኝታለች፣ ፊቷ የተቆጣ ሰው ፊት መስሏል። የሚቀጥለው ሟች ፊት አልታያትም። የእናቷ ግን እዚያው ነበር።

ሰዉ ደጅ ላይ ተሰብስቦ ነበር። አስካለ አንዳች ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ ብቻ ቶሎ ቶሎ ነገረቻቸው። የእድሩ ዳኛ አቶ ጓንጉል ጢማቸውን እየጎተቱ «ታዲያ ለእኛ ምን ለውጥ አለው? ዋሴ ከመባል እንጉዳይ መባል፤ ሟች አይሰማ» አሉ። ይታክቱ ከሁሉ ቀድማ እጇን አወጣች። «እንጉዳይ ለሁላችን አልቅሳልናለች። ስሟን ብንጠራላት ምን ይጎድልብናል?» አለች። አንዳርጌም ከጎኗ ሆኖ ረጅም እጁን አወጣ። ከዚያ ሁሉም አወጡ። ታዛቢው እጆቹን አየ።

ጥሩንባ ነፊው ጉብታው ላይ ወጥቶ «እንጉዳይ አርፋለች!» ሲል ሰንቀጤ ደነገጠ። የሟች ስም ሰምቶ የማያውቅ ትውልድ ነው ያደገው፤ አጥር ላይ ወጥተው ያዳመጡ ነበሩ።

ድንኳኑ ውስጥ ግን ሙሾው አልሄድ አለ። ልጃገረዶቹ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር የሚመጣላቸው ዋሴ ነው። በራሱ አእምሮ ሙሾ የሚያወርድ ሰው በመንደሩ አልቀረም፤ የመጨረሻዋ ቃሬዛው ላይ ናት። ስለዚህ አስካለ ራሷ ተነሣች። ሙሾ አውርዳ አታውቅም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ቃልም አልገደዳትም።

እንጉዳይ፣ እንጉዳይ፣ የሰው አስለቃሿ፤
ዛሬ ማን ይምጣላት፣ ማን ይሁን አልቃሿ።

ሴቶቹ ተቀበሏት፤ መጀመሪያ በፍርሃት፣ ኋላ በሙሉ ድምፅ። እንጉዳይ ጧት ጧት ከዶሮዎቿ ጋር ቁም ነገር የምታወራ ሴት ነበረች፤ ይህን የማያውቅ ጎረቤት አልነበረም፤ አስካለ ያንንም አወረደችው።

ከዶሮዋ ጋራ ስታወራ ውላ፤
ዶሮዎቿ ጠሯት፣ ቀረችሳ ዝም ብላ።

እዚህ ላይ ሰዉ እያለቀሰ ሳቀ፤ ድሮ እውነተኛ ለቅሶ ላይ እንደሚሆነው ማለት ነው። ይታክቱ ወድቃ ተነሣች። አንዳርጌ ቃሬዛውን ከፊት ተሸክሞ እንባውን በትከሻው እየጠረገ ሄደ። አስካለ ከቀብር ስትመለስ ሐዘኗ ቀሎላት ነበር፤ ደስታ ነው ብትባል አትክድም። ቃሏን ጠብቃለች። በማግስቱ ዴስኩ «ማመሳከሪያው ታድሷል» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በመጀመሪያ ልብ ያለው ሰው የለም። አስካለ ለአርባው ስትወርድ ጨዋታ ላንሣ ብላ አቶ ጓንጉልን «ዋሴስ ተረሳ፣ አይደል?» አለቻቸው።

«ዋሴ? የማን ልጅ?»

መቃብር ስፍራው ውስጥ ዋሴ የሚሉት ድንጋዮች ተደርድረዋል። አቶ ጓንጉል በመካከላቸው እየሄዱ የማን ዘመዶች እንደሆኑ አያውቁም፤ አባታቸው የተኙበትን ድንጋይም ተሻግረውት አለፉ። ከዋሴ ሥር የተኛው ሁሉ ከዋሴ ጋር ሄዷል። አስካለም ያን ዕለት ማታ ኮክ ስትበላ፣ ይህን ፍሬ ይሰጣት የነበረ አንድ ሰው ነበር፣ ማን ይሆን አለች። መልስ ሳታገኝ ፍሬውን ጨረሰችው።

በግንቦት የይታክቱ ልጅ ፓምፑን ሊጠግን ጉድጓድ ገብቶ አየሩ አፈነው። ሲያወጡት ሞቷል።

ጥሩንባ ነፊው ጉብታው ላይ ወጥቶ «እንጉዳይ አርፋለች!» አለ። ሰዎች በአጥር በኩል «የትኛዋ እንጉዳይ?» ተባባሉ። «ፓምፑ ላይ የነበረው» ተባለ።

አስካለ ወሬውን ሰምታ መጣች፤ በዚያን ቀን የመጣችው ኮሚሽን ሆና ሳይሆን ጎረቤት ሆና ነው። ከድንኳኑ ውጪ ሳለች የገዛ ድምፅዋን ሰማች። ልጃገረዶቹ አጥንተውታል፤ እሷ በሰበረችበት ይሰብሩታል፣ እሷን ሳግ በያዛት ቦታ ሳግ ይይዛቸዋል። ከዶሮዋ ጋራ ስታወራ ውላ ይላሉ፤ ዶሮ አርብቶ ለማያውቅ፣ ጢሙ ገና ላቆጠቆጠ ልጅ። ያኔ ሰዉ በሳቀበትም ቦታ ላይ ሁሉም እኩል ሳቀ፤ እኩል ዝም አለ። የእናቷን ስም እየሰማች የእናቷን ፊት ለማሰብ ሞከረችና ረጅም እጅ ያለው፣ ድምፁ ትልቅ የሆነ፣ ጢም የጀመረው አንድ ሰው መጣባት።

ይታክቱ ከሴቶቹ መካከል ደረቷን እየደቃች ነበር። «እንጉዳይ! እንጉዳይ!» ትላለች። እንዲህ እያለች በሰዎች ራስ ላይ አሻግራ አስካለን ታያታለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። አስካለ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች፤ መሬት ግን በሰንቀጤ የምትከፈተው ለሌላ ጉዳይ ነው።

ከቀብር መልስ አስካለ ሄዳ ከጎኗ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች። «እግዜር ያጥናሽ፣ እትዬ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እኔ...»

ይታክቱ አንገቷን አቀፈቻት። እንደሚላቀሱ ሰዎች ጉንጯን ጉንጯ ላይ አድርጋ አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችና የልጇን ስም በሹክሹክታ ነገረቻት።

«ያዥልኝ» አለቻት። «እየከዳኝ ነው፣ አስኩዬ። ከጧት ጀምሮ ጠፍቶኝ ነበር፤ አሁን መቃብሩ አፍ ላይ ስደርስ መጣልኝ። አንቺ ከተማ ትወጫለሽ፤ እዚያ አይደርስብሽም። ያዥልኝ።»

«እይዘዋለሁ፣ እትዬ። የእናቴ አጥንት ይውጋኝ፣ እይዘዋለሁ።»

ሁለቱም አለቀሱ። ታዛቢው በድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ ነበር።

አስካለ መኪናዋን አስነሥታ ስሙን በልቧ እየደጋገመች ወጣች። የመጀመሪያውን ዳገት ሳትጨርስ ዴስኩ ደወለ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ሐዘንተኛዋ በጆሮዎ አንድ ቃል ተናግረዋል። ከማመሳከሪያው ውስጥ አላገኘነውም። ምን ነበር?»

በድንኳን ውስጥ የሟችን የራሱን ስም መጥራት ምን እንደሚያስከትል ከአስካለ በላይ የሚያውቅ የለም። እሱ የምክር ጉዳይ አይደለም፤ ስረዛ ነው። አቶ ጓንጉል በሊፍት ሲወርዱ ታዩዋት። ይታክቱ ልጇ ከተቀበረበት ተነቅላ በማታውቀው ቆላ፣ በማታውቀው ፎቅ መስኮት ስትቆም ታየቻት።

«እንጉዳይ ነው ያለችኝ» አለች።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«የእናቴን ስም አጣዋለሁ?»

«እናመሰግናለን» አለ ዴስኩ። «ልዩነት የለም።»

አተረፈቻቸው። መንገዱ ባዶ ነበር፤ ማንም የማይሰማት መሆኑን አይታ የልጁን ስም አንዴ ጮክ ብላ ልትጠራው አፏን ከፈተች። «እንጉዳይ» አለ አፏ።

መኪናውን ዳር አቆመች። ሣቁ አለ፤ ከወንዝ ወዲያ የሚሰማው። ቃሬዛ የተሸከመው ትከሻ አለ። «ኮሚሽን መጣች» ብሎ የሚቀልድባት አፉ አለ። ስሙ ብቻ የለም። ከሀ ጀምራ ፊደሉን ወረደች፤ አንዱ ጋ ይነካኛል ብላ እስከ ፐ ደረሰች። ምንም አልነካትም። እንደገና ከሀ ጀመረች። ከዚያ መኪናዋን አዙራ፣ በመጣችበት ዳገት እንደ እብድ ወረደች።

ለቅሶ ደራሹ ገና አልተበተነም። ይታክቱ እዚያው ሰሌን ላይ፣ የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፋ ተቀምጣለች። አስካለ ተንበርክካ ልክ ቅድም እንደተቃቀፉት አቀፈቻት።

«እትዬ፣ ባክሽ» አለች በሹክሹክታ። «አንዴ ብቻ ድገሚልኝ።»

«ምኑን?»

«የልጅሽን ስም።»

ይታክቱ ከዕቅፏ ወጥታ ፊቷን አየቻት። ግራ ገብቷት ነበር።

«እኔማ ላንቺ ሰጠሁሽ እኮ» አለች።